እጅሽን ጫኚባት

ራቤል፣ ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለአባ አፈወርቅ
መርሐቤቴ

አባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ይዞዎታል? እዚህ ዘንድሮ ውርጩ ቀድሞ ገባ። ገብሱን ግን ሳይመታው አብዛኛውን አጭደናል፤ ተመስገን ነው። ስልክ ከጠፋ ወዲህ ድምፅዎን አልሰማሁም፤ ደብዳቤዎ በሙነወር እጅ ሲደርሰኝ የተሰማኝ ደስታ ልዩ ነበር። ሙነወር ሰው አክባሪ ነው። ከቆላ ጨውና ጨርቅ እያመጣ ገበያችን የሚውል፣ ሲመቸው ዓለም ከተማ ድረስ የሚሻገር ነጋዴ ነው። ይችንም ወረቀት እሱው ይዟታል።

ስለ ባለቤቴ ጠይቀውኛል። ትዕዛዙ ያው እንደተኛ ነው። ቀኝ ጎኑ አልተነሣም፣ አንደበቱም አልተፈታም። አገላብጠዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ አጎርሰዋለሁ። ሲመሽ ወገቤ ይቆረጣል፤ ሲነጋ እንደገና እጀምራለሁ። ከዚህ የተለየ የምነግርዎት የለም።

ሌላው ጥያቄዎ ከበደኝ። «ሰው ስለ አንቺ የሚያወራው ምንድን ነው?» ብለዋል። ከሰው አፍ ተጋኖ ከሚደርስዎት እኔው ልንገርዎ።

ጎረቤቴን አዛለችን አይረሷትም። ልጇ ጽናት ዛሬ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። በጳጉሜ፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ጠበል አብረን ወረድን። ተጠምቃ ስትወጣ እዚያው ድንጋዩ ላይ ጣላት። ጭንቅላቷ እንዳይመታ ብዬ ጭኔ ላይ አስተኛኋት፤ እጄን ግንባሯ ላይ አድርጌ አቡነ ዘበሰማያት ደጋገምኩላት። ሌላ የማውቀው ጸሎት መቼ አለኝ? ስታበቃ ተነሣች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ወደየቤታችን ወጣን። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ አልጣላትም።

አዛለች ሰንበቴው ላይ ተነሥታ «የምሥራች ሀብተ ፈውስ ተሰጥቷታል» አለች። እኔ አፍሬ አቀረቀርኩ። በማግስቱ ወገቡን የያዘው አንድ ሰው በሬ ላይ ቆሞ አገኘሁት። በሚቀጥለው ሳምንት ከቀየት መጡ። አሁን ከመሀል ሜዳም ይመጣሉ። «እጅሽን ጫኚብኝ» ይሉኛል። እምቢ ማለት ይከብዳል፤ ከሩቅ በእግራቸው ነው የሚመጡት። እጄን እጭናለሁ፣ እጸልያለሁ። አንዳንዱ «ቀለለኝ» ብሎ ይሄዳል።

አባ፣ ይህ ነገር ጸጋ ነው? ከሆነስ በምን ይታወቃል? እኔ ቅዳሴ እንኳ በወጉ የማልደርስ አስታማሚ ነኝ።

በጸሎትዎ አይርሱኝ፤ ጉልበትዎን እስማለሁ።

የእህትዎ ልጅ
የምሥራች


ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሰላም ለኪ፣ ልጄ የምሥራች

ጉልበቴን ጠየቅሽ። ስሰግድ ይታጠፋል፣ ስነሣ ይከራከረኛል። በዕድሜዬ ያሉ መነኮሳት ሁሉ እንደዚሁ ነን፤ ማኅሌት ላይ ስንቆም የሚሰማው የእኛ መቋሚያ ነው ወይስ የእኛ አጥንት ብለን እንሳሳቃለን። ክረምት ላይ ሁለት አባቶች ቀብረናል። የቀረነው ተዳክመናል።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ጸጋ ነው ወይ ብለሽኛል። አላውቅም። እንዲህ በሩቅ ሆኖ «ነው» የሚልሽ ካለ አትመኚው፤ «አይደለም» የሚልሽንም እንዲሁ።

የማውቀውን ያህል ግን ልንገርሽ። ስትጠመቂ፣ ሜሮን ስትቀቢ መንፈስ ቅዱስ አድሮብሻል። ያኔ ሰማንያ ቀንሽ ነበር፣ አቅፌሽ የገባሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ጸጋ ያለው ሰው እንደ ብርቅ ከመንገድ የሚገኝ አይደለም። የተጠመቀ ሁሉ የሆነ ነገር ተሰጥቶታል። ሐዋርያው ስጦታዎቹን ሲቆጥር ትንቢትን ይላል፣ ልሳንን ይላል፣ ፈውስን ይላል። እዚያው መሐል ላይ ደግሞ «መርዳት» የምትል አንዲት ቃል አለች። ሁላችንም ስናነብ እንዘላታለን። ሕዝብ ሊያያት በእግሩ የማይመጣ ስጦታ ስለሆነች ይመስለኛል።

እዚህ ገዳም የታወቀ ድምፅ ያለው አባት አለን፤ ምእመናን ከደብረ ብርሃን ሳይቀር ሊሰሙት ይመጣሉ። ደግሞ የታመሙትን መነኮሳት ልብስ ወንዝ ወርዶ የሚያጥብ አለ። እንግዳ መጥቶ እሱን ጠይቆ አያውቅም። ከሁለቱ የማን ጸጋ ይበልጣል ብትይኝ መመለስ አልችልም፤ የመጀመሪያው ቢጠፋ ግን ማኅሌቱ ይቀዘቅዛል፣ ሁለተኛው ቢጠፋ ሰው ይሸታል።

ጸልዪላቸው። ጸሎት ለማንም አይከለከልም። ግን «አዳንኩ» አትበዪ፤ «ድነሃል»ም አትበዪ። ሰው ሲያመሰግንሽ ልብሽ ምን እንደሚል ደግሞ አድምጪ። እኔ ከዚህ ሆኜ የማልሰማው እሱን ነው።

ትዕዛዙን በቅዳሴ አነሣዋለሁ።

አባ አፈወርቅ


ራቤል፣ የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ

ደብዳቤዎ ገበያ ቀን ደረሰኝ። ሙነወር ሲሰጠኝ ትንሽ ቆየና «እትዬ የምሥራች፣ እናቴ ሐቢባ ዓይኗን ታማለች። ያንቺ ዱዓ ይሰማል ይላሉ፣ በስሟ አንድ በይልኝ» አለኝ። «እኔ ክርስቲያን ነኝ እኮ» ብለው «የምትለምኝው አንዱን አምላክ አይደል?» አለኝ። ለመንኩላት። ክፉ አደረግሽ ይሉኝ ይሆን?

«ለትዕዛዙስ ጸለይሽለት ወይ?» ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። ሰውም ይህንኑ ይጠይቀኛል፤ ፊት ለፊት የሚለኝ የለም እንጂ በር ላይ ሆነው ወደ አልጋው ሲያዩ አውቀዋለሁ። ይህች ሴት የሰው በሽታ የምታርቅ ከሆነ የራሷን ባል ምነው?

ጸለይኩለት። ብዙ ቀን ፈርቼ ትቼው ነበር፤ ባይሆንስ ብዬ። የጥምቀት ሳምንት፣ ሰው ሁሉ ታቦት አጅቦ ሲወጣ፣ እኛ ብቻችንን ቤት ቀረን። እጄን ግንባሩ ላይ ጫንኩና አልቅሼ ለመንኩ። ዓይኑን ገልጦ አየኝ። ከዚያ በደህናው እጁ እጄን ከግንባሩ ላይ አነሣውና ደረቱ ላይ አድርጎ ያዘው። ሌላ ምንም አልሆነም። ምን ማለቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እዚህ አንድ ወጣት ሰባኪ መጥቷል። ወንድምአገኝ ይባላል፤ ከመሀል ሜዳ ተመድቦ ነው። ንጹሕ ልጅ ነው፣ ይጾማል፣ ይተጋል። ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን እየራቀ፣ ወጣቱ በየአቅጣጫው እየተበተነ ልቡ ያዝናል። የእኔን ነገር ሲሰማ ዓይኑ በራ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠበሉ ዘንድ ልብስ ዘርግቶ ያስቀምጠኛል፣ ሰው ይሰለፋል፣ ጽናት ቆማ «እኔ ነኝ የዳንኩት» ብላ ትመሰክራለች። በፊት በሰው ፊት መናገር የምታፍር ልጅ ነበረች፤ እንዲህ ስታበራ ደስ ትላለች።

ልብሽ ምን እንደሚል አድምጪ ብለውኝ ነበር። ልንገርዎ። ቤት ስሆን ትዕዛዙን የማነሣ፣ የማስተኛ፣ የማጥብ ነኝ። ጠበሉ ዘንድ ስሆን ሰው ይጎነበስልኛል። ቅዳሜ እስኪደርስ እናፍቃለሁ።

የምሥራች


መጋቢት 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሰላም ለኪ ልጄ

ክፉ አላደረግሽም። ለሐቢባ እኔም ለምኛለሁ።

በጾሙ ስለደከምኩ አጭር እጽፋለሁ። ቅዳሜን መናፈቅሽን ስላልደበቅሽኝ ተደሰትኩ። ደክሞሻል። የደከመው ሰው የሚያሳርፈውን ወንበር ቢወድ አይፈረድበትም። ግን ወንበሩ የማን እንደሆነ ጠይቂ። ወንድምአገኝ መልካም ልጅ መሆኑን አምኛለሁ፤ ይሁንና ሕዝብ ለመሰብሰብ የሰው ልጅ እንደ ምልክት ሲቆም አልወድም። አንቺም ምልክት አይደለሽም፣ ያች ልጅም።

አንድ ነገር እንድትመልሽልኝ እፈልጋለሁ። ጽናት ሐኪም አይቷት ያውቃል? ክኒን ትወስዳለች ወይስ ትወስድ ነበር? እናቷን ለብቻዋ አግኝተሽ ጠይቂልኝ። እኔ መድኃኒትንም ሐኪምንም ከእግዚአብሔር እጅ ውጭ አድርጌ አላያቸውም፤ ጠበል የሚጠጣ ሰው ክኒን ሲውጥ ጠበሉ አይቀየምም። ይህን ግን በአገራችን ብዙ ሰው ያፍርበታል። ያፈረ ደግሞ ይደብቃል።

መልስሽን እጠብቃለሁ።

አባ አፈወርቅ


ራቤል፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባ አፈወርቅ

እንኳን ለሆሣዕና ዋዜማ በሰላም አደረስዎ። ትዕዛዙ ደህና ነው። በጎቹ ጓሳ ሜዳው ላይ ናቸው፤ ዘንድሮ ሣሩ ቢሳሳም አልከሱም።

ስለ ጽናት የጠየቁኝን ሌላ ጊዜ እመልሳለሁ። ሙነወር ቸኩሏል።

ቅዳሜ ጠበል መውረድ ትቻለሁ። አሞኛል ብያቸዋለሁ።

የምሥራች


ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ የምሥራች

ሙነወርን ዓለም ከተማ ገበያ ላይ አገኘሁት። ፊቱን አይቼ ስለ አንቺ ስጠይቀው መሬት መሬት አየ። «አባ፣ የሰው ወሬ አላመላልስም» አለኝ። «ወሬ አይደለም፣ ልጄ ናት» ስለው ነገረኝ። ጽናት እሳት ላይ መውደቋን የሰማሁት ከእሱ ነው። ከአንቺ ቢሆን እመርጥ ነበር፤ ግን አልተቀየምኩም። እንዲህ ያለ ነገር በእጅ ሲጽፉት ይከብዳል።

ከዚያ በላይ አልነገረኝም። እንዴት እንደወደቀች፣ ለምን እንደወደቀች ጻፊልኝ። ጥፋተኛ ልፈልግብሽ አይደለም። ከጽናት በኋላ በዚያ ወረፋ ላይ የቆሙት ሌሎቹ ያሳስቡኛል። እሷን አይቶ መድኃኒቱን የተወ ሰው ይኖር ይሆን? አስቢው። እንቅልፍ ነሣኝ።

እንደምትደክሚ አውቃለሁ። ቢሆንም ጻፊልኝ።

አባ አፈወርቅ


ራቤል፣ ሰኔ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለአባ አፈወርቅ

ሳልጽፍ የቆየሁት ንቄዎት አይደለም። ወረቀቱን ስይዝ እጄ እምቢ ይለኝ ነበር።

ጥያቄዎን ይዤ አዛለች ዘንድ የሄድኩት ከሆሣዕና በፊት በነበረው ሳምንት ነው። ዘግይቼ ነበር። በር ላይ ስደርስ ጩኸት ሰማሁ። ጽናት ቆሎ ስታምስ ጥሏት ቀኝ እጇ ፍሙ ውስጥ ገብቷል። አዛለች ጎትታ አውጥታታለች፤ ልጅቷ ገና አልነቃችም። ከኋላዬ የመጡት ሰዎች «እጅሽን ጫኚባት! እጅሽን ጫኚባት!» ይሉኛል። እኔ የማደርገው ጠፋኝ። እጇን አየሁት። አባ፣ ያን ፍትል የሚያምርለት እጅ! ለባና ብርድ ልብስ የሚሆን ሱፍ እንደሷ አቅጥኖ የሚፈትል በራቤል አልነበረም።

በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ ቁስሉን እያጠበች «ክኒኗን መቼ ነው ያቋረጠችው?» ስትል አዛለች መሬት ላይ ተቀመጠች።

ነገሩ ይኼ ነው። ሩፋኤል ዕለት ጠበል ከመውረዳችን ቀደም ብሎ ጽናት ክኒን ጀምራ ነበር። አዛለች ለማንም አልተናገረችም። «ጠበል እየሄደች ክኒን ትቀላቅላለች ብለው እንዳያሙን ፈራሁ» አለችኝ። ከዚያ በሽታው ሲተዋት፣ እኔ ስመሰገን፣ ልጅቷ ቆማ ስትመሰክር፣ ክኒኑን መዋጥ ማታለል መሰላቸው። «በእግዚአብሔር ፊት ድኛለሁ እያልኩ ተደብቄ እንዴት እውጣለሁ?» ያለችው ራሷ ጽናት ናት። የካቲት ላይ ተወችው። እናቷም ደስ አላት።

ሁለት ጣቶቿ አይታጠፉም። ነፍሷ ግን ተርፋለች።

በመጀመሪያ የተሰማኝን ልንገርዎ፤ ለንስሐ አባቴም ተናግሬዋለሁ። ለልጅቷ ከማልቀሴ በፊት «እኔ አልነበርኩም ማለት ነው» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። በዚያ ሰዓት ስለ ራሴ አሰብኩ። በጣም ነው ያስጠላኝ።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ደግሞ ማሙሽን አስታወስኩ። የቀየት ሰው ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ይወስድ ነበር። እጄን ከጫንኩበት በኋላ «አሁንማ ምን ያደርግልኛል» ብሎ ሲስቅ ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ዝም አልኩ።

ወንድምአገኝ ዘንድ ሄድኩ። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ መናገር እፈልጋለሁ» አልኩት። ምን እንደምናገር ስነግረው ፊቱ ገረጣ።

«እትዬ የምሥራች፣ ልጅቷ እምነቷ ጎድሎ ሊሆን ይችላል እኮ» አለኝ።

«እጇን አየኸው?»

«አላየሁም።»

«ሂድና እየው። ከዚያ እምነቷ ጎደለ በላት።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሕዝቡ ተስፋ ይቆርጣል» አለኝ።

«ተስፋ ይቁረጥ። ክኒኑን ግን አያቋርጥ።»

እሑድ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ቆምኩ። ጽናት ሳልጠራት መጥታ አጠገቤ ቆመች፤ እጇ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ነው። «ጽናት ክኒን ትወስድ ነበር» አልኩ። «ያልጣላት ክኒኑን ስትውጥ ነው፤ የጣላት ስትተወው ነው። እኔ መጸለይ እጸልያለሁ። ማን እንደሚድን፣ ማን እንደማይድን ግን አላውቅም። የራሴ ባል ቤት ተኝቷል፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሐኪም መድኃኒት የሰጣችሁ፣ በእኔ ምክንያት የተዋችሁ ካላችሁ፣ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ዛሬውኑ ተመለሱ።»

አንዲት ሴትዮ ጮክ ብላ «ታዲያ ስታታልይን ነበር?» አለች። መልስ አልነበረኝም። አንዳንዱ ምራቁን ተፍቶ ሄደ። ጽናት ግን «እኔም መስክሬ ነበር፤ እኔም አላወቅኩም» አለች። ከዚያ ወንድምአገኝ ወደ ፊት መጣ። ይቃወመኛል ብዬ ነበር። «የታመመ የሚያውቅ፣ መድኃኒት ያቆመ የሚያውቅ ሁሉ ይንገረኝ፤ ቤቱ ድረስ እሄዳለሁ» አለ። ሄደም። ቀየት ወርዶ ማሙሽን ይዞት መጣ። ነርሷ ከመጀመሪያው መጀመር አለበት ብላለች።

የጽናት ክኒን ከጤና ጣቢያው አልቆ ነበር፤ መንገዱም ተዘግቷል። ሙነወር በሰው በሰው አሻግሮ ከደብረ ብርሃን አመጣላት። አመሰግናለሁ ስለው «የእናቴ ዓይን እንደሆነ አልተሻለውም» ብሎ ሳቀ። «ታዲያ ለምን ደከምክልን?» አልኩት። «ስላልተሻላት ነዋ፤ በሽታ ምን እንደሆነ ቤቴ ስላለ አውቃለሁ» አለኝ።

ደጄ ባዶ ሆኗል። እንዲህ ዝም ብሎ አያውቅም። አባ፣ ደክሞኛል። የመጸለይ ጉልበትም የለኝም። ምን ላድርግ?

የምሥራች


ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ፣ ሰላም ለኪ

የመጸለይ ጉልበት ከሌለሽ አትጸልዪ። እኔ ስለ አንቺም እደግመዋለሁ። አንዱ ሲደክም ሌላው እንዲሸከም ነው አንድ አካል የተባልነው።

ስለመጣብሽ ሐሳብ ራስሽን አታቁስዪ። ተናዘሽዋል፤ ይበቃል። የንስሐ አባትሽ የሰጡሽን ቀኖና ፈጽሚና ተዪው። ትሕትና ነው ብለሽ ደጋግመሽ ብትቆፍሪው ስለ ራስሽ ማሰብ መሆኑ አይቀርም።

«ስታታልይን ነበር?» ላለችሽ ሴትዮ መልስ አለመስጠትሽ ደግ ነው። ልክ ነሽ ብትያት ውሸት፣ ተሳስተሻል ብትያት ክርክር ይሆን ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልበል። በመጀመሪያ የጻፍሽልኝ ጊዜ ያላልኩሽ፣ እኔም ያኔ ያላየሁት ነው። ከስጦታዎቹ አንዱ መናፍስትን መለየት ይባላል። እኛ ስንሰማው አጋንንት ማየት ይመስለናል። እኔ አሁን ሳስበው፣ ሰው የሚያመሰግንበትን ነገር ይዞ «ይህ እውነት ነው ወይስ እውነት መስሎኝ ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያ ያገኘውን በአደባባይ መናገር፣ ከዚሁ ስጦታ የሚቆጠር ይመስለኛል። ያች እሑድ በራቤል የሆነው ይኼ ነው። አንቺ ብቻሽን አይደለሽም፤ ያች ልጅ በተጠቀለለ እጇ፣ ወንድምአገኝ ወደ ቀየት በሄደበት እግሩ፣ ሙነወርም በመንገዱ። ጸጋ ለአንድ ሰው ተሰጥቶ ሲያልቅ አላየሁም፤ ሁልጊዜ ሰው ያስፈልገዋል።

ስለ ትዕዛዙ ግን የምልሽ የለኝም። ለምን እንዳልተነሣ አላውቅም። እጅሽን ደረቱ ላይ አድርጎ የያዘበትን ቀን ግን ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። የታመመው እሱ ነበር፤ የሚያጽናናውም እሱ ነበር ብዬ።

ለነሐሴ ጾም በርቺ። ሆኖም እንደምታስታምሚ አትርሺ፤ ቁርስ ብዪ።

አባ አፈወርቅ


ራቤል፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለአባ አፈወርቅ

የማጽናኛ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። የትዕዛዙን አርባ በሰላም አውጥተናል፤ ፍትሐቱ እንዳዘዙት ተደርጓል። በራስዎ እጅ መጻፍ ሳይችሉ ቀርተው ሌላ አባት ጽፈውልዎታል፤ ዓይንዎ ነው ወይስ እጅዎ? ያልነገሩኝ ነገር አለ። ይጻፉልኝ፤ እኔም እንደ እርስዎ አልቀየምም።

እንዴት እንደሞተ ጠይቀዋል። በቀን ነው፣ ፀሐይ በበሩ ገብታ። ውኃ ላጠጣው ቀና ሳደርገው ትከሻዬ ላይ ተደገፈ። ያው እንደ ሁልጊዜው መሰለኝ፤ ቀስ ብዬ ሳስተኛው ነው ያወቅኩት። አልጮህኩም። መጀመሪያ ፊቱን ጠረግኩት፣ ከዚያ ጮህኩ።

ለቅሶው ላይ ሰው አይመጣም ብዬ ነበር። መጣ። ከቀየት ማሙሽ መጣ፤ ወፍሯል፣ መድኃኒቱን እየወሰደ ነው። እንቅርት ያለባት አንዲት ሴት ጓሳን በእግሯ አቋርጣ መጣች። እጄን ጭኜባት ምንም ያልሆነላት ናት። ሳያት አፈርኩ። «አልዳንሽም» አልኳት። «አልዳንኩም» አለችኝ። «ግን ያን ቀን ስሜን ጠየቅሽኝ፣ የት እንደማድርም ጠየቅሽኝ። ባልሽ ሞተ ሲሉኝ ቤቴ መቀመጥ አልሆነልኝም።» እንዲህ ያሉ ብዙ ነበሩ። ያልዳኑትን ከመቁጠር የዳኑትን መቁጠር ይቀል ነበር። ጽናት በግራ እጇ ውኃ ስትቀዳ፣ ለሰው ስታቀርብ ዋለች። በግራዋ መፍተልም ጀምራለች፤ ገና ይቆረጥባታል፣ ትበሳጫለች፣ እንደገና ትቀጥላለች።

ባለፈው ሳምንት የሆነውን ነግሬዎት ልጨርስ። ገለባ ስሰበስብ አንዲት የማላውቃት ወጣት እናት ሴት ልጇን አዝላ መጣች። ልጅቷ ጡት የምትጠባ ነች፤ ትንፋሿ ቶሎ ቶሎ ይላል።

«እጅሽን ጫኚባት» አለችኝ።

ደከመኝ አባ። ሁሉም ነገር እንደገና የሚጀምር መሰለኝ። «እኔ እኮ የማዳን እጅ እንደሌለኝ በሕዝብ ፊት ተናግሬያለሁ። አልሰማሽም?» አልኳት።

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«ስለሰማሁ ነው የመጣሁት» አለች። «ሌሎቹ ትድናለች ይሉኛል። አንቺ የማታውቂውን አውቃለሁ አትዪም። እንዲህ ያለች ሴት ትጸልይላት ብዬ ነው።»

ልጅቷን ከጀርባዋ ተቀበልኳት። ሰውነቷ እንደ ፍም ይፋጃል። እጄን ጫንኩ፤ አቡነ ዘበሰማያትን አንድ ጊዜ አልኩ፣ ሳልቸኩልም ሳላስረዝምም። ከዚያ እኔው አዘልኳትና ነጠላዬን አጣፍቼ፣ እናቷን «ነይ፣ ጤና ጣቢያው ሳይዘጋ» አልኳት። መንገዱን ሙሉ «ጸሎቱ አይበቃትም?» አላለችኝም። እንደኔው ፈጠን ፈጠን ብላ ሄደች።

ሳንባ ምች ነው አሉን። መርፌ ተጀመረላት። ሁለት ቀን አብሬያቸው ዋልኩ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ጡት ያዘች። እናቷ አለቀሰችና «በጸሎቱ ነው ወይስ በመርፌው?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ» አልኳት። «መርፌውን ግን ሳታስጨርሻት እንዳትሄጂ።»

«እሺ» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ እኮ ልትወድቂ ነው። ጋደም በይ፤ እኔ እጠብቃታለሁ።»

እምቢ ልል ነበር። ስንት ዓመት ሌላ ሰው ሲጠብቅ እኔ ተኝቼ አላውቅም። አግዳሚው ላይ ጋደም አልኩ። ነጠላዬን አውልቃ እግሬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ልጅቷ ስትጠባ ይሰማኛል። እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም፤ ነርሷ ለማታ ሊዘጉ ሲሉ መጥታ ስትቀሰቅሰኝ ያች እናት «ተያት፣ ትንሽ ትተኛ» ስትል ሰማኋት። እኔም ሰምቼ ተኛሁ።

የምሥራች